ቀንዳሙን ጭራቅ ተዉት

በከፋ ዞን የጨና ወረዳ ከተማ በሆነችው ዋጫ ላይ ስለ ጌም ቤት ክፉ ወሬ ለመስማት ብዙ መልፋት አያስፈልግም። በገበያ ቀን አንዱን አባት አስቁሞ መጠየቅ ይበቃል። ልጁ ክላስ ፎርፎ የት ዋለ? ጌም ቤት። ውጤቱ ለምን አሽቆለቆለ? በጌም ምክንያት። ታናሹን ለምን መታ? ከጌም ለምዶ። የጨና ሰው ስለ ቡና ዋጋ፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን ስለሚወስደው መንገድ፣ ስለ መብራቱ ሲከራከር ያመሻል። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን መምህሩም፣ ሰባኪውም፣ ሚሊሻውም፣ ቡና ነጋዴውም ቃላቸው አንድ ነው። ሁሉም ሰው ሳይከራከር የተስማማበት ነገር ብዙ ጊዜ ማንም ቀርቦ ያልመረመረው ነገር ነው።

ይህ ፍርድ ደረጃም አለው። ኳስ ጌም የሚጫወተው ልጅ ምሕረት ያገኛል። ፊፋና ፔስ “ያው ኳስ ነው” ተብለው ይታለፋሉ፤ አባትየው ራሱ ቅዳሜ ማታ የአርሰናልን ጨዋታ ለማየት ዲኤስቲቪ ቤት ወንበር ይዞ የለ? መዓቱ የሚወርደው በሰይፍ ጌሙ ላይ ነው። ባለ ቀንድ ጭራቅ፣ የሚሄድ አጽም፣ የሚንቀለቀል እሳት፣ በሁለት እጅ የተያዘ መጥረቢያ፣ ስክሪኑን የሚያለብስ ደም። ጎድ ኦፍ ዋር፣ ዲያብሎ፣ ሌሎችም የነሱ ዘመዶች። ሁለተኛውማ ስሙን ሳይደብቅ የመጣ ነው፤ ራሱን ዲያብሎ ብሎ ለሚያስተዋውቅ ጌም ማን ጠበቃ ይቆምለታል?

እኔ ልቆምለት ነው። የምከራከረው ጌሙ ቅዱስ ነው ብዬ አይደለም። ከሳሾቹ የሚያዩት ሥዕሉን ብቻ ስለሆነ፣ ሥዕሉን ሲያሳድዱም እውነተኛው ጉዳት በአጠገባቸው በነጻነት እየተመላለሰ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ጌሙ ምን እንደሆነ እንነጋገር፤ ብዙዎቹ ከሳሾች ከበር ላይ አይተው የተመለሱ ናቸውና። ዲያብሎ እ.ኤ.አ. በ1996 ማብቂያ ላይ ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ጌም ነው። ታሪኩ አጭር ነው። ትሪስትራም በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከካቴድራሉ ሥር ርኩስ መንፈስ ነቅቷል። ተጫዋቹ 16 ወለል ወደ ታች እየወረደ፣ በየወለሉ የሚጠብቁትን አጽሞችና ጭራቆች እየመታ፣ መጨረሻ ላይ ዲያብሎን ራሱን ይገጥማል። በጌሙ ውስጥ ተጫዋቹ ለሰይጣን የሚሰግድበት ቦታ የለም፤ የተላከው ሊገድለው ነው። በ2000 ሁለተኛው ወጣ፣ በ2012 ሦስተኛው፣ በ2023 አራተኛው። በመካከሉ በዓለም ዙሪያ መልኩን የቀዱ ጌሞች ቁጥር ስፍር የላቸውም።

ወደ እኛ የሚደርሰው ግን ኩባንያው በሚሸጥበት መንገድ አይደለም። የክልል ከተማ ልጅ ጌም የሚያገኘው እንደ ዘፈንና እንደ ፊልም ሚሞሪ ላይ አስጭኖ ነው። ጎድ ኦፍ ዋር ለፒኤስፒ የተሠሩትን፣ የ2008ቱንና የ2010ሩን፣ በቴክኖ ስልክ ላይ ፒፒኤስኤስፒፒ በሚባለው አፕ ይከፍታል፤ ጓደኛው ደግሞ በዜንደር ይቀበለዋል። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ካርድ አይበላም፣ ክፈል አይልም። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ወረቀት እስኪባዛልኝ ቆሜ፣ ውጭ እንደ ልማዱ ዝናቡ ይወርዳል፣ የባለቤቱ ታናሽ ወንድም ከማተሚያው አጠገብ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ዲያብሎ ሁለትን ይጫወት ነበር። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። የወደቀው ጭራቅ አጠገብ አንድ ሰይፍ ተገኘ። ልጁ አነሳው፣ አየው፣ መልሶ ጣለው። እኔ ደግሞ ቁጥሩን አይቼ ነበር።

“ያኛው አይበልጥም? እስከ 30 ይላል እኮ” አልኩት።

“አይ ጋሼ፣ እሱ ቀርፋፋ ነው።”

ጣቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ አንዴ ነካ። “ይሄ እንዲህ ነው የሚመታው።” ከዚያ በዚያው ፍጥነት ሁለቴ ነካ ነካ አደረገ። “የያዝኩት ደግሞ እንዲህ።” የተጣለው ሰይፍ ከ20 እስከ 30 ይመታል፤ መካከለኛው 25 ነው። የያዘው ከ12 እስከ 16 ይመታል፤ መካከለኛው 14። ነገር ግን ያ አንዴ ሲሰነዝር ይሄ ሁለቴ ያርፋል፣ 28 ማለት ነው። ይህን ሁሉ በወረቀት አላሰላውም፤ በጣቱ ምት ነው የነገረኝ። ቀጥሎ ከረጢቱን ከፈተ። ከረጢቱ 10 በ4 የሆነ ሰንጠረዥ ነው፣ 40 ሳጥን ብቻ። ጥሩር 6 ሳጥን ይይዛል፣ ቀለበት 1። ሞልቶበት ስለነበር ቢሸጥ ጥሩ ገንዘብ የሚያወጣለትን ጥሩር አውጥቶ መሬት ላይ ትቶት ሄደ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ወደ ፊት ያለው ዋሻ ረጅም ነው፣ የሚያስፈልገኝ መድኃኒት ነው አለኝ።

ይህ ልጅ በዚህ ምክንያት የሒሳብ ፈተና ይደፍናል አልልም። ጌም ትምህርት ቤት ነው የሚሉ ሰዎችም አሉ፤ እነሱም ያጋንናሉ። የምለው አንድ ነው፦ ከበር ላይ ሆኖ ለሚያየው አባት ልጁ ደም እያየ የፈዘዘ ነው፤ ቀርቦ ላየው ሰው ግን ትርፍና ኪሳራ እያመዛዘነ፣ የሚያስፈልገውን ከሚያምረው እየለየ የተቀመጠ ነው። ሁሉም ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ ካላነበበ አያልፍም። መጽሐፉን ሲሰጡት የሚያዛጋው ልጅ እዚያ ጋ አንድ መስመር ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ያነባል።

ደግሞ አንድ ያስገረመኝን ልጨምር። በዚያው ጌም ውስጥ ዲካርድ ኬይን የሚባል ሽማግሌ አለ። በተቃጠለችው ትሪስትራም በብረት ቀፎ ውስጥ ታስሮ ተንጠልጥሏል፤ ተጫዋቹ ሄዶ ያስፈታዋል። ከዚያ በኋላ የተገኘውን ምንነቱ ያልታወቀ ዕቃ ሁሉ ለሽማግሌው ይዞ ይመጣል፤ እሱ ይህ እንዲህ ነው፣ ያ እንዲያ ነው ብሎ ያለ ክፍያ ይነግረዋል። ወጣቶቻችን ሽማግሌ አይሰሙም እያልን የምናማርር ሰዎች፣ ልጆቻችን በሐሳብ ዓለም ውስጥ እንኳ ሽማግሌ እየጠየቁ ወደ ፊት እንደሚሄዱ አናውቅም።

አሁን ወደ ክሱ። ከባዱ የሃይማኖት ክስ ነው፤ “ቤታችን ሰይጣን ያስገባል” የሚለው። በእኛ አገር ይህ ቀላል ቃል አይደለምና በቀልድ አላልፈውም። ነገር ግን የሚከሰው ምንድን ነው? ጭራቅና ሰይጣን በሥዕል መታየታቸው ከሆነ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ የሚያሳየው ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ አለ፤ የዘንዶው አፍ ተከፍቶ፣ ደሙ ፈስሶ። ቅዱስ ሚካኤል በእጁ ሰይፍ ይዞ፣ ሰይጣንን በእግሩ ረግጦ ቆሟል። ሕፃን እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ይህን እያየ ነው የሚያድገው፤ ማንም ዓይኑን አይሸፍንበትም። የአክሱም አፈ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው አርዌ በሚባል ዘንዶ ነው፤ ሕዝቡ እየገበረለት ሲኖር ጀግናው ገድሎት ይነግሣል። አገራችን የነገሥታቷን ታሪክ ከጭራቅ ገዳይ ጀምራ ስትቆጥር ነውር አልሆነባትም።

ሥዕል ለማይቀበለው ወንጌላዊ ወንድሜ ደግሞ ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ምእመናን የጻፈውን ምዕራፍ 6 አስታውሳለሁ። የእምነትን ሰው የሚያስታጥቀው ስድስት ነገር ነው፦ የወገብ መታጠቂያ፣ ጥሩር፣ ጫማ፣ ጋሻ፣ የራስ ቁርና ሰይፍ። ሁለተኛውን ዲያብሎ ከፍቶ የተጫዋቹን ትጥቅ ያየ ሰው እነዚሁ ስድስቱ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ያገኛቸዋል፤ ጌሙ የጨመረው ጓንት፣ የአንገት ጌጥና ሁለት ቀለበት ብቻ ነው። ሐዋርያው ወታደር አይቶ ለነፍስ ምሳሌ አደረገው። ከክፉ መንፈስ ጋር በሰይፍ መዋጋት ለሃይማኖታችን ባዕድ የሆነ ምናብ አይደለም።

ይህ ክስ ደግሞ አዲስ አይደለም። የእነዚህ ጌሞች ሁሉ አያት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፤ ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ይዘው ክብ ሠርተው የሚጫወቱት። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሰባኪዎችና ወላጆች ይህ ጨዋታ ልጆችን ወደ ሰይጣን አምልኮ ይወስዳል ብለው ተነሡ። ልጇ ራሱን ያጠፋባት ፓትሪሺያ ፑሊንግ በ1983 ማኅበር አቁማ ጨዋታውን ስትከስ ኖረች። ኀዘኗ እውነተኛ ነበር፤ ክሷ ግን ማስረጃ አላገኘም። ያኔ ጠረጴዛ ዙሪያ ዳይስ ሲጥሉ የነበሩት ልጆች ዛሬ አባቶችና አያቶች ናቸው፤ ከነሱ ውስጥ የሰይጣን አምላኪ ትውልድ አልወጣም። እኛ ዛሬ የምንደግመው አሜሪካኖቹ ከ40 ዓመት በፊት ጮኸውበት የተዉትን ነው።

ስለ ደሙ በአጭሩ እላለሁ፤ ክርክሩ በሌላው ዓለም ብዙ ርቆ ሄዷልና። አንድሪው ፕርዚቢልስኪና ኔታ ዋይንስታይን በ2019 ባሳተሙት ጥናት 1,004 የ14 እና የ15 ዓመት የብሪታንያ ልጆችን ከነወላጆቻቸው ጠይቀው፣ ደም የበዛበት ጌም መጫወትና ጠበኛ መሆን የተያያዙ ሆነው አላገኟቸውም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ጌም ልጆችን ቁጡ ሊያደርግ ይችላል የሚል ወገን ቢሆንም፣ በ2020 ግን ከእውነተኛ የወንጀል ጥቃት ጋር ለማያያዝ በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ጌም በብዛት የሚጫወትባቸው አገሮች ናቸው፤ በነፍስ ግድያ ግን ከዓለም ዝቅተኞቹ ውስጥ ናቸው። በእኛ አካባቢ ሰው በገጀራ ተመታ ሲባል ምክንያቱ የመሬት ድንበር፣ አረቄ ወይም የቆየ ቂም ነው፤ መቺው ብዙ ጊዜ ፕሌይስቴሽን በእጁ ይዞ የማያውቅ ጎልማሳ ነው።

ደም የበዛበት ተብሎ ስሙ የሚነሣው ጎድ ኦፍ ዋርም ቢሆን ታሪኩን የሚያውቅ ሰው አይፈርድበትም። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የመጀመሪያው ጌም ጀግናው ክራቶስ የጦር አምላክ አገልጋይ ነበር። በዚያ አምላክ ተታልሎ፣ በጭፍን ንዴት ሲገድል የገዛ ሚስቱንና ልጁን ገደለ። የነሱ አመድ ቆዳው ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ሰውነቱ የነጣው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በሕልሙ የሚመጣበትን ያን ሌሊት ለመርሳት የሚያደርገው ሩጫ ነው፣ አይረሳውምም። የፈሰሰ ደም ገዳዩን እስከ የት እንደሚከተለው የሚያሳይ ታሪክ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ ይረዳል ወይ ካላችሁኝ፣ የነገሩኝ ልጆች ናቸው።

ሦስተኛው ክስ የጊዜ ነው፤ በዚህ ላይ ከሳሾቹ ግማሽ መንገድ ይወስዱኛል። በትምህርት ሰዓት በሩ ክፍት የሆነ ጌም ቤት መዘጋት አለበት፤ ክርክር የለኝም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2022 መግቢያ ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ የጌም ሱስን አስገብቶታል። ግን መዝገቡ የሚለው ልጁ ቅዳሜ ከሰዓት ስለተጫወተ ታመመ አይደለም። ራሱን መግታት ያቃተው፣ ሌላ ሕይወቱ ሁሉ ከጌም በታች የሆነበት፣ እየጎዳውም የቀጠለ ሰው፣ ያውም ነገሩ በአብዛኛው 12 ወር ሲቆይበት ነው። የጎረቤቱ ልጅ ከዝናብ ተጠልሎ ሁለት ሰዓት ስለተቀመጠ “ሱሰኛ” የምንል ሰዎች፣ ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ ጠጅ ቤት የተገኘውን ጎልማሳ “ተጫዋች ሰው” እንላለን።

ይልቅ አንድ ጥያቄ ልመልስ። ልጁ በስክሪኑ ፊት ገንዘቡን የሚያጣው የት ነው?

ጌም ቤት ገብታችሁ እዩ። ብዙ ቦታ ሕጉ “የተሸነፈ ይከፍላል” ነው። ሁለት ልጆች ፊፋ ይገጥማሉ፣ የሁለቱንም ሒሳብ የሚከፍለው የተሸነፈው ነው። ተሸናፊው የከፈለውን ለማስመለስ ድጋሚ ይጠይቃል፤ እንደገና ይሸነፋል፤ ኪሱ ሲያልቅ ከእናቱ ቦርሳ ወይም ለቡና ለቀማ ከተከፈለችው ላይ ያነሣል። ከዳር የቆሙትም በራሳቸው ብር ይወራረዳሉ። ይህ ቁማር ነው፤ እኛ ግን “ያው ኳስ ነው” ብለን አልፈነዋል። በሰይፍ ጌሙ ላይ ደግሞ ልጁ ብቻውን ነው የተቀመጠው። የሚገጥመው ጭራቅ አይከፍለውም፣ አያስከፍለውም። ሰይጣን ያለበት ተብሎ የተወገዘው ጨዋታ ቁማር የሌለበት ሆኖ፣ ንጹሕ የተባለው ግን ቁማር ቤት ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ቀጥሎ የውርርድ ቤት አለ። በክልል ከተሞች ተስፋፍቶ፣ ፈቃድ ተሰጥቶት፣ ግድግዳው ላይ የአውሮፓ ተጫዋቾች ፎቶ ተለጥፎ። የቡና ገንዘብ በእጅ ላይ በሚሆንበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ወቅት የሚሰለፈውን ወጣት ቁጠሩ። እዚያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የሠራው የውሻ ሩጫ በየጥቂት ደቂቃው ይሮጣል፤ ውሻም የለም፣ ሜዳም የለም፣ ብሩ ግን እውነተኛ ነው። እሱም ጌም ነው፤ ጭራቅ ስለሌለበት ብቻ ጌም አላልነውም፣ የሰበከበትም ሰው ብዙ አልሰማሁም። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር ብር ከስልክ ወደ ስልክ መላክ ቀላል ሆነ፤ ለገበሬው ታላቅ ነገር ነው። ግን የውርርድ ቤቱም ደጅ በዚያው መንገድ ወደ ልጁ ኪስ ገባ።

ከላይ ልብ በሉልኝ ያልኩትም ይኸው ነው። በሚሞሪ የመጣው አሮጌ የሰይፍ ጌም ገንዘብ ያዥ የለውም። መጨረሻ አለው፤ ዲያብሎ ይሞታል፣ ታሪኩ ያበቃል፣ ልጁ ተነሥቶ ይሄዳል። ኩባንያዎቹ ይህን ያውቃሉ፣ ስለዚህም አልወደዱትም። ሦስተኛው ዲያብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ተጫዋቾች ሰይፍና ጋሻ በእውነተኛ ገንዘብ የሚሸጡበት የጨረታ ገበያ ከፍቶ ነበር፤ ብሊዛርድ ራሱ የጨዋታውን መሠረት አበላሸው ብሎ በመጋቢት 2014 ዘጋው። ሰይፍ ለማግኘት ጭራቅ መግደል ቀርቶ ገበያ መሄድ ሆኖ ነበርና። ትምህርቱ ግን ብዙ አልቆየም። በ2022 ለስልክ የወጣው ዲያብሎ ኢሞርታል ጨዋታው ነጻ ነው፤ ጠንካራውን ዕንቁ ለማግኘት ግን ዕድል የሚሞከርበት ቁራጭ በገንዘብ ይገዛል። አንድን ባለታሪክ እስከ ጫፍ ለማድረስ ከ100,000 ዶላር በላይ ሊጠይቅ እንደሚችል ተጫዋቾቹ አስልተው ጮኹ። የቤልጅየም ቁማር ተቆጣጣሪ ቀድሞውኑ በ2018 እንዲህ ያለውን የዕድል ሣጥን ቁማር ነው ብሎ ስለነበር፣ ጌሙ በቤልጅየምና በኔዘርላንድስ ሳይወጣ ቀረ።

የቤልጅየም ሰዎች ይህን ሲወስኑ መመዘኛቸው ቀንዱም፣ አጽሙም፣ ደሙም አልነበረም። የጠየቁት ልጁ ገንዘብ ይከፍላል ወይ፣ የሚያገኘውስ በዕድል ነው ወይ ብለው ነው። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው፤ ዋጫ ላይ ግን እስካሁን ሲጠየቅ አልሰማሁም። ነገ ከነገ ወዲያ ዓለም አቀፍ ክፍያ በየስልኩ ሲገባ፣ ልጆቻችን በሚሞሪ ከሚጫወቱት ጌም ወደ ባለ ገንዘብ ያዡ ጌም ሲሻገሩ፣ እኛ ገና ስለ ጭራቁ ቀንድ እንሰብካለን።

ሥዕሉን መፍራታችን ሌላም ነገር አሳጥቶናል። የካሜሩን ወጣቶች ኪሮኦ ጌምስ የሚባል ድርጅት በያውንዴ አቋቁመው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ኦሪዮን የሚባል የውጊያና የጀብዱ ጌም አወጡ፤ ጀግናው አፍሪካዊ ንጉሥ ነው፣ ኃይሉ የሚመጣው ከአያት ቅድመ አያቶቹ ነው። መብራት እየጠፋባቸው ነው የሠሩት። አዲስ አበባ ላይም ቅኔ ጌምስ ኩኩሉን ሠርቷል፤ ከገበሬው የምታመልጥ ዶሮ ጌም። ጥሩ ጅምር ነው። ግን የሰይፍ ጌም የሚወድ የዋጫ ልጅ የግሪክን አማልክት ስም በቃሉ ያውቃል፤ አያቶቹ ስለኖሩበት መንግሥት የሚያውቀው ከዚያ ያነሰ ነው።

ከፋ ለእንዲህ ያለ ጌም የተፈጠረ አገር ነው ብል ማጋነን አይደለም። የከፋ ንጉሦች ግዛታቸውን በጥልቅ ጉድጓድና በተጠበቁ በሮች ከብበው ለዘመናት ጠብቀውታል። ሰባቱ የሚክረቾ አማካሪዎች ከንጉሡ ጎን ነበሩ። ዙሪያው ዝናብ የማይለየው፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የመዘገበው ጫካ፣ ቡና ያለ ዘሪ የሚበቅልበት፣ ጎሽና አንበሳ ያለበት። መናፍስቱንና ኤቆ የሚባለውን የመንፈስ እምነት ሽማግሌዎቹ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1897 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ የመሩት የአጼ ምኒልክ ጦር ሲመጣ የከፋው ንጉሥ (ታቶ) ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ተዋግተው በመጨረሻ ተማረኩ፤ ወደ እስርም ተወሰዱ። ሲማረኩ ጎጀብን ሲሻገሩ የንግሥና ቀለበታቸውን ወንዙ ውስጥ ጣሉት ተብሎ ይተረካል። ማንኛውም ጌም ሠሪ ይህን ታሪክ ሲሰማ ከወንበሩ ይነሣል።

ይህ ታሪክ ቁስል ስላለው አይነካም የሚሉ ይኖራሉ። ቁስሉ አለ፤ ጌም ደግሞ ለአንዱ ወገን ጭብጨባ ሊሆን ይችላል፣ ያንንም እፈራለሁ። ግን ያልተተረከ ታሪክ አይድንም፤ ልጆቻችን የሌላ አገር የጦርነት አምላክ ታሪክ እየተጫወቱ የራሳቸውን ግን እንዳይነኩ ማድረግ ጥበቃ አይባልም። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚማሩ ወጣቶች አሉት። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ይህን ቢሞክር “ጌም ነው” ብላችሁ አታሳፍሩት።

ለወረዳው ኃላፊዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ጌም ቤት ለመዝጋት ስትሄዱ በር ላይ ቆማችሁ አትመለሱ፤ ገብታችሁ ወንበር ይዛችሁ አንድ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። በትምህርት ሰዓት ተማሪ ካለበት ዝጉት። የተሸነፈ የሚከፍልበት ከሆነ፣ ከዳር ያሉትም የሚወራረዱበት ከሆነ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ኳስ ቢሆንም ዝጉት። የውርርድ ቤቱንም በዚያው ሚዛን ለኩት፤ ፈቃዱ አያሳፍራችሁ። ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሰይፉን እየመረጠ ከጭራቅ የሚዋጋውን ልጅ ግን ከትምህርቱ እስከተመለሰ ድረስ አትንኩት።